አራት ዓመት በጃፓን፦ ተመችቶኛል፤ ደስ ብሎኛል ለማለት ግን አፌ እምቢ አለኝ

የጉለሌው (ቾፉ፣ ቶኪዮ) እንዲህ ጻፈ፦

ጤና ይስጥልኝ። ይህን የምጽፈው ምክር ፍለጋ ብቻ አይደለም፤ ውስጤ የሚመላለሰውን ነገር በራሴ ቋንቋ ጽፌ ባየው ምናልባት መልክ ይይዝልኝ ይሆናል ብዬ ነው። ጃፓን ከገባሁ አራት ዓመት ሊሞላኝ ነው። የጃፓን ትምህርት ሚኒስቴር የሚሰጠውን ነጻ የትምህርት ዕድል ባገኝም፣ በኮሮና ምክንያት ድንበሩ ለአዲስ ተማሪዎች ተዘግቶ ስለነበር የመጀመሪያዎቹን ወራት ጉለሌ አክስቴ ቤት ተቀምጬ በኢንተርኔት ተማርኩ። ቶኪዮ ላይ ጠዋት የሚጀምረው ትምህርት እኛ ዘንድ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ይውል ስለነበር፣ አክስቴ «ይህ ልጅ ሌሊት ለሌሊት ከማን ጋር ነው የሚንሾካሾከው?» እያለች በሩን ትከፍትብኝ ነበር። በመጋቢት 2014 ዓ.ም. ድንበሩ ሲከፈት መጣሁ፤ ማስተርሴን ጨረስኩ፤ አሁን በአንድ የሶፍትዌር ድርጅት ውስጥ ተቀጥሬ እሠራለሁ።

ስለ ሰዓት ካነሳሁ አይቀር አንድ ነገር ልንገራችሁ። በአዲስ አበባና በቶኪዮ መካከል ያለው ልዩነት 6 ሰዓት ነው፤ እኛ ደግሞ ሰዓት የምንቆጥረው ከዓለም 6 ሰዓት አጉድለን ነው። ስለዚህ አክስቴ «ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ደውልልኝ» ስትለኝ እዚህ ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ከቀትር በኋላ 2ን ያሳያል። መደመር የለ፣ መቀነስ የለ። ከአገሬ ይህን ያህል ርቄ ሳለ ሰዓቴ ብቻ ቤቱን አለመልቀቁ መጀመሪያ ላይ በጣም ያስደስተኝ ነበር።

ኑሮው የተመቸ ነው፤ ይህን ካልመሰከርኩ እዋሻለሁ። ባቡር ትንሽ ሲዘገይ በድምፅ ማጉያ ይቅርታ ይጠየቃል፤ መዘግየቱ ከበዛም ለአለቃችን የምናሳየው የማረጋገጫ ወረቀት ይሰጡናል። ብታመም የጤና መድኔ 70 በመቶውን ይሸፍንልኛል። እኩለ ሌሊት ላይ ብቻዬን ስሄድ ዞሬ አላይም። ባለፈው ዓመት ባቡር ውስጥ የረሳሁትን ቦርሳ በማግስቱ ከነገንዘቡ ተረክቤያለሁ፤ የሰጠኝ ሠራተኛም እሱ የጠፋበት ይመስል ጎንበስ ብሎ ነው የሸኘኝ።

ታዲያ ምን ጎደለህ ትሉኛላችሁ። በምሳሌ ላስረዳ። አዲስ ቤት በገባሁ በሁለተኛው ሳምንት፣ ያወጣሁት የቆሻሻ ከረጢት «አይወሰድም» የሚል ወረቀት ተለጥፎበት ቀረ። እዚህ የሚቃጠለው፣ የማይቃጠለው፣ ጠርሙሱና ካርቶኑ እያንዳንዱ የራሱ ቀን አለው፤ የሚወጣውም በማለዳ፣ ቁራዎች እንዳይበታትኑት ከመረብ ሥር ነው። ማታ ስመለስ ከረጢቱ በሬ ላይ በሥርዓት ታስሮ ጠበቀኝ፤ በላዩ ላይ በእርሳስ የተሣለ ሥዕል ነበረበት። የፕላስቲክ ጠርሙስ ተሥሎ፣ ክዳኑ ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ዙሪያውን የተለጠፈው ወረቀት ወደ ሌላ፣ ጠርሙሱ ራሱ ታጥቦ ወደ ሦስተኛ አቅጣጫ ቀስት ተሰምሮበታል። የሠራችው ከሥሬ የምትኖረው አሮጊት መሆኗን በኋላ ነው ያወቅሁት። ሥዕሉ ልብ የሚነካ ነበር። ከረጢቴን ግን ከፍታ እያንዳንዱን ነገር አይታለች፤ ምን እንደምበላ፣ የትኛውን መድኃኒት እንደምወስድ ታውቃለች። ይህን ሁሉ እያወቀች እስከ ዛሬ ደረጃ ላይ ስንገናኝ «ዛሬ ብርድ ነው» ከማለት አልፋ አታውቅም። አገሬ ቢሆን ከረጢቴን የሚፈትሽ ጎረቤት ቢያንስ ቡና ጠጣ ይለኝ ነበር።

ቋንቋውን ተምሬዋለሁ፤ ለአማርኛ ተናጋሪ አያስቸግርም ብል ብዙም አላጋነንኩም። ግሡ እንደ እኛው መጨረሻ ላይ ይመጣል፤ ፊደሉም ቢያንስ ሂራጋናውና ካታካናው እንደ ፊደላችን ድምፅን ከነአናባቢው በአንድ ምልክት ይጽፋል። ችግሩ ሰዎቹ ብዙ ጊዜ ግሡ ጋ ሳይደርሱ ማቆማቸው ነው። «ቅዳሜ ይመቻችኋል?» ብዬ ስጠይቅ «ቅዳሜ ትንሽ...» ይሉና አየር ይስባሉ፤ አይመችም ማለት ነው። «በቅርቡ አብረን እንጠጣለን» የሚለኝ የሥራ ባልደረባዬም ሁለት ዓመት ሙሉ በቅርቡ እያለ ነው። እኛም ዘንድ «እንደዋወል» ብሎ መጥፋት አለና አልፈርድበትም፤ ግን እኛ ጋ አሥር ሰው እንደዋወል ቢል ሁለቱ ይደውላሉ።

የሚከብደኝ መጠላት አይደለም፤ ማንም ክፉ ቃል ተናግሮኝ አያውቅም። የሚከብደኝ ብወጣ፣ ብገባ፣ ብከሳ፣ ብወፍር የሚጠይቀኝ አለመኖሩ ነው። ደግሞ ያን የመሰለ ጥያቄ ጉለሌ ሳለሁ እንዴት እንደሚያንገሸግሸኝ አስታውሳለሁ። ባለፈው ዓመት ለሁለት ሳምንት ለዕረፍት ሄጄ «ደሞዝህ ስንት ነው፣ ለምን አታገባም» ሲሉኝ በሦስተኛው ቀን የቾፉን ጸጥታ ናፈቅሁ። እዚህ ሆኜ እዚያ ይናፍቀኛል፤ እዚያ ሆኜ እዚህ። በዚህ ስሜት ውስጥ ያለፋችሁ ካላችሁ እንዴት እንደያዛችሁት ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።


ባለ ጃንጥላው (ቶቶሪ) እንዲህ ሲል መለሰ፦

ወንድሜ፣ ጽሑፍህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እኔ በምዕራብ ጃፓን፣ በቶቶሪ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ተማሪ ነኝ። ቶቶሪ በሕዝብ ብዛት ከጃፓን ክፍለ ሀገራት ሁሉ ትንሿ ናት። የደረቅ መሬት ምርምር ማዕከል ስላላትና ማዕከሉ ከኢትዮጵያ ጋር ለረጅም ጊዜ አብሮ ስለሠራ የአገራችን ተመራማሪዎች ወደዚህ ይመጣሉ። ስለ ደረቅ መሬት የምናጠናበት አገር ግን ዝናብና በረዶ አይለየውም፤ በዚህ አካባቢ «ምሳህን ብትረሳ እንኳ ጃንጥላህን አትርሳ» የሚል አባባል አለ። ስሜም ከዚያ የመጣ ነው።

በአንዳንድ ነገር አልስማማም። ቶኪዮ ያሉ ወዳጆቼ ባቡር ውስጥ አጠገባቸው ያለው ወንበር ባዶ ሆኖ እንደሚቀር ነግረውኝ ሲያዝኑ ሰምቻለሁ። እዚህ ግን ባቡሩ ራሱ ባዶ ስለሆነ ማን እንደሸሸኝ ለማወቅ አልችልም። ከዚህ ይልቅ ማቆሚያው ላይ የሚያገኙኝ አሮጊቶች ጃፓንኛዬ እስኪያልቅ ድረስ ያወሩኛል፤ ከጓሯቸው የነቀሉትን ነጭ ራዲሽ በጋዜጣ ጠቅልለው የሰጡኝ ጊዜም አለ። ስለዚህ «ጃፓን» ብለህ የጻፍከው ምናልባት «ትልቅ ከተማ» ማለትህ ይሆን? ከገጠር ወጥቶ አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም የገባ ሰውም ተመሳሳይ ነገር ይጽፍ ይመስለኛል።

የእኔ ቅሬታ የተለየ ነው፤ ጾም ነው። ቶፉ፣ ሩዝ፣ አትክልት በሞላበት አገር ጾም ይቀላል ብዬ ነበር። በኋላ ግን ሾርባው፣ የአትክልት ወጡ፣ የኑድሉ መረቅ፣ ሌላው ቀርቶ የተቀቀለው ስፒናች ላይ የሚፈስሰው ውኃ ሳይቀር ደርቆ ከተፋቀ ዓሣ በሚወጣ መረቅ የተሠራ መሆኑን ተረዳሁ። የዩኒቨርሲቲው ምግብ ቤት ሴትዮ «ሥጋ የለበትም» ስትለኝ እውነቷን ነው፤ በእሷ አእምሮ መረቅ ዓሣ አይደለም። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እዚህ አላመጣውም፤ እኔ ግን እናቴ በለመደችው መንገድ ስለምጾም ሁለት ወር ሙሉ ሽሮ ብቻ ነው የምሠራው። ይህን ለማንም ማስረዳት አለመቻሌ ራሱ አንድ ዓይነት ብቸኝነት ነው።

ፈገግ ካላልክ ደግሞ ይህን ስማ። አገራችን ሳለሁ በምሠራበት መሥሪያ ቤት ግድግዳ ሁሉ «ካይዘን» (አሠራርን ያለማቋረጥ ማሻሻል የሚለው የጃፓኖች ዘዴ) የሚል ተለጥፎ ነበር። ካይዘን ወደ ተወለደበት አገር መጥቼ፣ ከከተማው ጽሕፈት ቤት አንድ ወረቀት ለማግኘት ሦስት ቦታ ማኅተም ካስደረግሁ በኋላ በፋክስ ላክ ተባልኩ።


ጅዳ ያለሁት እንዲህ ስትል ጻፈች፦

ይቅርታ አድርጉልኝና ሁላችሁንም ካነበብኩ በኋላ ዝም ማለት አልቻልኩም። እኔ ሳዑዲ ሰው ቤት ስሠራ ስምንተኛ ዓመቴ ነው። የመጀመሪያዋ አሠሪዬ ፓስፖርቴን በቆለፈችበት መሳቢያ ውስጥ አስቀምጣ፣ ያለ እሷ ፈቃድ ሥራ መቀየርም ሆነ ወደ አገሬ መመለስ የማልችልበት ጊዜ ነበር። እዚህ የሚጠይቀኝ አልጠፋም፤ የት ነበርሽ፣ ከማን ጋር አወራሽ፣ ለምን ዘገየሽ ተብዬ ቀን ከሌት እጠየቃለሁ። አንተ የሚጠይቅህ ማጣትህን እንደ ችግር ስትጽፍ ሳይ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ቀናሁ። ቦርሳህ ከነገንዘቡ ተመልሷል፤ የራስህ ቁልፍ ያለው ቤት አለህ። ይህ የጠገበ ሰው ኀዘን ይመስለኛል። ልሰድብህ አይደለም፤ ግን ስደት ሁሉ አንድ ሚዛን ላይ አይወጣም።


የጉለሌው እንዲህ ሲል መለሰ፦

እህቴ፣ አልሰደብሽኝም። የጻፍሽውን ቢሮ ውስጥ ሆኜ አነበብኩትና ስልኬን ገልብጬ አስቀመጥኩት፤ እውነት ስለሆነ። የእኔን ከአንቺ ጋር ለማስተካከል አልሞክርም። ነገር ግን በመጀመሪያው ጽሑፌ ሆን ብዬ የዘለልኩት ነገር አለ፤ አንቺ ይህን ስላልሽኝ ልናገረው።

ከላይ የጠቀስኳት አክስቴ ያሳደገችኝ ናት። እናቴ እኔን ወልዳ ብዙ አልቆየችም፤ እታታ ብዬ የምጠራት አክስቴ ናት ጡጦ ይዛ ያሳደገችኝ። በኅዳር ወር ዐረፈች። እናንተ ታውቃላችሁ፣ እኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም። ዘመድ ተሰብስቦ፣ ጎህ ሳይቀድ በር ተንኳኩቶ፣ ሰው አጠገብህ ቆሞ ነው የሚነገርህ። የአክስቴ ልጅም ይህን ስለሚያውቅ ለሦስት ቀን ሰው ሲፈልግ ከረመ፤ ቶኪዮ ውስጥ ቤቴ ሄዶ የሚያረዳኝ ሰው ግን የሚያውቀው አልነበረውም። በመጨረሻ «ብቻህን ነህ?» የሚል መልእክት ላከልኝ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ከምሳ በኋላ ስብሰባ ላይ ነበርኩ፤ የግድግዳው ሰዓት 2 ከሩብ ይላል።

የኀዘን ፈቃድ ለመጠየቅ ወደ አስተዳደር ክፍል ሄድኩ። ሠራተኛዋ በጣም ተጠንቅቃ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አነጋገረችኝ፤ ከዚያም ቅጹን ሰጠችኝ። ቅጹ ላይ ዝምድና በደረጃ ነው የሚሞላው፦ ወላጅና ልጅ አንደኛ ደረጃ፣ አያትና ወንድም ሁለተኛ፣ አክስት ሦስተኛ። የድርጅታችን ደንብ ፈቃድ የሚሰጠው እስከ ሁለተኛ ደረጃ ነው። «አሳዳጊዬ ናት» አልኩ። «ጉዲፈቻ በሕግ ተመዝግቧል?» ብላ ጠየቀችኝ። አልተመዘገበም፤ ጉለሌ ማን ያስመዘግባል? ከዓመት ፈቃዴ አንድ ቀን ወሰድኩና ቤቴ ተኛሁ። በማግስቱ ሥራ ገባሁ። ባልደረቦቼ ሁሉ የሰሙ ይመስለኛል፤ ማንም ግን ምንም አላለኝም። እነሱ ዘንድ ዝም ማለት አክብሮት መሆኑን በጭንቅላቴ አውቃለሁ። ሆዴ ግን እስከ ዛሬ አልተቀበለውም። ድንኳን የለ፣ ንፍሮ የለ፣ «እግዜር ያጥናህ» የለ። ሳላለቅስ ቀረሁ፤ አሁን ደግሞ ጊዜው ያለፈ ይመስለኛል።


ሽበቱ (ዮኮሃማ) እንዲህ ሲሉ ጻፉ፦

ልጄ፣ ነፍሷን በአብርሃም በይስሐቅ በያዕቆብ እቅፍ ያኑርልህ። ለለቅሶ ጊዜው አያልፍም፤ እንዲያልፍ ያደረገው እርም የሚያወጣልህ ሰው አለማግኘትህ ብቻ ነው።

እኔ እዚህ ከሠላሳ ዓመት በላይ ኖሬያለሁ። በመጣሁበት ዘመን በስልክ አሥር ደቂቃ ለማውራት የሳምንት ምሳ ይጾም ነበር፤ ዛሬ ፊት ለፊት እየተያያችሁ ትነጋገራላችሁ፤ ያም ሆኖ ብቸኝነቱ ያው መሆኑ ይገርመኛል። አያቶቻችን ይህችን አገር እንደ መስተዋት ነበር የሚያዩአት። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ልዑካን መርተው መጥተው ጎብኝተዋታል፤ ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ የወጣው የ1923ቱ ሕገ መንግሥታችንም ከጃፓኑ የሜጂ ሕገ መንግሥት ብዙ የወሰደ ነው። እነሱ ያዩት ፋብሪካውንና ሥርዓቱን ነበር። ኖሮ ማየት ሌላ ነው።

የዜግነት ጉዳይ ከሆድህ ጋር የሚያሟግትህ ቀን ስለሚመጣ አስቀድሜ ልንገርህ። ቋሚ ነዋሪነት በመርሕ ደረጃ 10 ዓመት ይጠይቃል፤ እኔ የያዝኩት ይህን ነው። ዜግነት ከፈለግህ ግን ጃፓን የነበረህን እንድትተው ትጠይቃለች፤ የእኛም ሕግ የሌላ አገር ዜግነት በፈቃዱ ከወሰደ ሰው ላይ የኢትዮጵያን ዜግነት ያነሳል፤ ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊነት መታወቂያ) ይሰጥህ ይሆናል እንጂ ፓስፖርትህ አይቀርልህም። ሦስት ጊዜ ማመልከቻውን አምጥቼ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ሦስት ጊዜ ወደ መሳቢያው መልሼዋለሁ። በአእምሮዬ ሳስበው ምንም የሚከለክለኝ የለም። ሆኖም አልሞላሁትም።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ቾፉ ነኝ ብለሃል። ቶቢታክዩ ጣቢያ ወርደህ ወደ ኮሹ ካይዶ አውራ ጎዳና ውጣ፤ በፈረንጅ የ1964ቱ የቶኪዮ ኦሊምፒክ ማራቶን መዞሪያ ምልክት እዚያ ታገኛለህ። አበበ ቢቂላ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ስድስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላው፣ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. እዚያ ጋ ዞሮ፣ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገብቶ፣ ሌላው ሲወድቅ እሱ ሣሩ ላይ ጂምናስቲክ ይሠራ ነበር። በእኔ ዕድሜ ያሉ ጃፓኖች ኢትዮጵያ ስትላቸው መጀመሪያ የሚሉህ «አበበ» ነው። ያቺ ሥዕል የሣለችልህ አሮጊትም ከየት እንደመጣህ ሳታውቅ አትቀርም፤ አንተ ነግረሃት ታውቃለህ?


የሁለት ልጆች እናት (ካትሱሺካ፣ ቶኪዮ) እንዲህ ስትል ጻፈች፦

ወንድም ዓለም፣ እግዚአብሔር ያጽናህ። አሁን ግን ልቆጣህ ነው፤ የታላቅ እህት ቁጣ አድርገህ ተቀበለው።

እኔ ያለሁት ካትሱሺካ፣ ዮትሱጊ አካባቢ ነው። ቶኪዮ ውስጥ ሐበሻ ተሰባስቦ የሚኖረው እዚህ መሆኑን አልሰማህም? የምግብ ቤታችን ሽታ ከጣቢያው ብዙም ሳይርቅ ይመጣልሃል። ከቾፉ በባቡር ከአንድ ሰዓት ብዙም የማይበልጥ መንገድ ነው። ባለፈው ዓመት እንኳ አንድ ወንድማችን አባቱ ሲሞትበት፣ ሁለት ሰዎች ከማለዳው 11 ሰዓት በብርድ ወጥተን በሩ ላይ ቆመን ነው ያረዳነው። ጎረቤቶቹ ፖሊስ እንዳይጠሩ ጩኸቱን በትራስ ነው ያፈንነው፤ ግን ለቅሶ ተቀመጥንለት፤ ንፍሮውንም ቀቀልን። የአንተ የአክስት ልጅ ሰው ያጣው ሰው ስለሌለ ሳይሆን አንተ አራት ዓመት ሙሉ ለማናችንም «አለሁ» ስላላልክ ነው። ማንም አይጠይቀኝም ብለህ ጽፈሃል። አንተስ ማንን ጠየቅህ? ጃፓኖቹ ያስተማሩህን ዝምታ ለእኛም አመጣኸው።

ይህን የምልህ ራሴ ስለማውቀው ነው። ትልቋ ልጄ አሥር ዓመቷ ነው። ራንዶሴሩ የሚሉትን ያን ጠንካራ የትምህርት ቤት ቦርሳ አዝላ ብቻዋን ሄዳ ብቻዋን ትመለሳለች፤ ትምህርት ቤት ምሳ የሚያድሉትም ክፍል የሚጠርጉትም ልጆቹ ራሳቸው ናቸው። ይህን ሳይ እኮራለሁ። ደግሞ ባለፈው ባቡር ላይ ከአዲስ አበባ ስልክ መጥቶልኝ ሳነሳው፣ እጄን ይዛ በጃፓንኛ «እማዬ፣ ሰው ይረበሻል» አለችኝ። እናቴ ነበረች የደወለችው። ዘጋሁባት። ሌላ ቀን ጓደኞቿ ባሉበት ላጎርሳት ስል አፏን ገጥማ ዞረች፤ ማታ ብቻችንን ስንሆን ግን ራሷ መጥታ «አሁን አጉርሽኝ» አለችኝ። ኀፍረቷንም ፍቅሯንም በአንድ ቀን አሳየችኝ። ተቆጥቼ ይሁን ተደስቼ አላውቅም፤ ዝም ብዬ አጎረስኳት።

ስለዚህ እሑድ ና። እኛ ቤት ስድስት ሰባት ሰው እንሰበሰባለን። እታታን እናለቅስልሃለን። ምንም ይዘህ እንዳትመጣ።


ጅዳ ያለሁት እንዲህ ስትል ጻፈች፦

የጉለሌው፣ ስለ አክስትህ አላወቅሁም ነበር፤ እግዚአብሔር ያጽናህ። ያልኩትን አልሰርዝም፤ ግን ከዚህ በላይ አልጨምርበትም። እኔም አባቴን የተረዳሁት የሰው ልጅ እያጠብኩ ነው። እሑድ ሂድ።


አዲስ ተጓዥ (አዲስ አበባ) እንዲህ ሲል ጠየቀ፦

እንዲህ ባለ ጉዳይ መሀል በመግባቴ ይቅርታ እጠይቃለሁ። በመጪው መስከረም መጨረሻ ላይ በዚሁ ነጻ የትምህርት ዕድል ወደ ጃፓን እሄዳለሁ። ከላይ ያለውን አንብቤ ትንሽ ፈርቻለሁ። ምን ይዤ ልምጣ? ምንስ ላድርግ?


ባለ ጃንጥላው እንዲህ ሲል መለሰ፦

አትፍራ። ቋንታ እንዳትይዝ፤ ሥጋ ያለ ምርመራ ማረጋገጫ ማስገባት ክልክል ነው፤ የወንድማችን እናት ያዘጋጀችው ቋንታ ናሪታ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ሲወረስ ቆሜ አይቻለሁና ሐዘኑን አልመኝልህም። በርበሬና ሽሮ በደንብ ታሽጎ ይምጣ። ጫማህ ትልቅ ቁጥር ከሆነ ሁለት ጥንድ ጨምር፤ እዚህ አይገኝልህም። ካልሲህ የተቀደደ እንዳይሆን፤ በቀን አምስት ጊዜ ጫማ ታወልቃለህ። መኖሪያህን ባገኘህ በ14 ቀን ውስጥ በከተማው ጽሕፈት ቤት ተመዝገብ፤ የጤና መድኑንም እዚያው ጨርስ፤ ለጡረታው ደግሞ ተማሪ ስለሆንክ ክፍያው እንዲቆይልህ ማመልከት ትችላለህ፤ ካላመለከትክ ሂሳቡ ቤትህ ይመጣል። ለማስተርስ በወር 144,000 የን ገደማ ይሰጥሃል፤ በክፍለ ሀገር ይበቃል፤ ቶኪዮ ላይ የቤት ኪራዩ ይወስነዋል። ሥራ ከፈለግህ ፈቃድ አውጥተህ በሳምንት እስከ 28 ሰዓት መሥራት ትችላለህ።

ቅጽ ላይ የትውልድ ዓመትህን በጃፓን የንጉሠ ነገሥት ዘመን አቆጣጠር ሲጠይቁህ ግር እንዳይልህ። እኔ በእኛ 1987፣ በፈረንጅ 1995፣ በእነሱ ሄይሴይ 7 ነው የተወለድኩት። ሌላው የውጭ ዜጋ በዚህ ሲጨነቅ አያለሁ፤ ከልጅነታችን ጀምሮ ሁለት አቆጣጠር ይዘን ላደግን ለእኛ ሦስተኛው ምንም አይደለም።

በመጀመሪያው ሳምንት ደግሞ ከላይ ካሉት ለአንዳቸው ስልክ ደውልና «መጥቻለሁ» በል።


የጉለሌው እንዲህ ሲል ጻፈ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እትዬ፣ ቁጣዎት ደርሶኛል፤ መልስ የለኝም። ብዙ ጊዜ ኦሺያጌ መስመር ላይ የዮትሱጊን ስም በባቡር ካርታ ላይ አይቼ አንድ ቀን እሄዳለሁ ብዬ አውቃለሁ። ያ ባልደረባዬ «በቅርቡ እንጠጣለን» እንደሚለኝ መሆኑ ነው።

ጋሼ፣ ቅዳሜ ቶቢታክዩ ሄድኩ። ከቤቴ በእግሬ ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሞላም፤ በብስክሌት ስንት ጊዜ አልፌበታለሁ። ጽሑፉን አነበብኩት። መኪና ያልፋል፣ ልጆች ወደ ስታዲየሙ ይሮጣሉ፣ ማንም ወደ ምልክቱ አያይም። እኔ ግን እዚያ ቆሜ ሳለሁ የትራፊክ መብራቱ ብዙ ጊዜ ተቀያየረ። እታታ አበበ ሲሸነፍ በሬዲዮ አልሰማም ብላ ከቤት መውጣቷን ትነግረኝ ነበር፤ ሲያሸንፍ የት እንደነበረች ሳልጠይቃት ቀረሁ።

ስመለስ ከሥሬ ያለችውን ሴትዮ ደረጃ ላይ አገኘኋት። «ዛሬ ብርድ ነው» አለችኝ። «አዎ፣ ብርድ ነው» አልኩና፣ አክስቴ መሞቷን ነገርኳት። ለምን እንደነገርኳት አላውቅም። አንድ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ትንሽ ቆየችና «ስንት ዓመቷ ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። ሰባ አራት አልኳት። «እኔም ሰባ አራት ነኝ» አለች። ሌላ ምንም አልተባባልንም፤ ነገር ግን ጠይቃኛለች።

እትዬ፣ እሑድ እመጣለሁ። በስንት ሰዓት?


የሁለት ልጆች እናት እንዲህ ስትል መለሰች፦

8 ሰዓት ላይ።


የጉለሌው እንዲህ ሲል ጻፈ፦

ይቅርታ እትዬ፣ በሐበሻ ነው ወይስ በጃፓን?


የሁለት ልጆች እናት እንዲህ ስትል መለሰች፦

በሐበሻ ነው እንጂ! ልጄን ጣቢያው በር ላይ አቆማታለሁ፤ እሷ ግን 2 ሰዓት ነው የምትልህ፤ እንዳትጣሉ።